የሰሌዳ አጠቃቀም

ምደባው የተለጠፈ ለት ጅማ ላይ ዝናብ ነበረ።
ስሜን አገኘሁት፤ ቀለሙ በውሃ ፈሶ ተዥጎርጉሮ ቀረ።
“ምን ደረሰሽ?” አሉኝ።
“ማስተማር። የአንደኛ ደረጃ።”
አንዷ ከንፈሯን መጠጠች፤
የጫማዋን ጭቃ በስንጥር እየጠረገች
“አይዞሽ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ትቀይሪያለሽ” አለች።

አልቀየርኩም።
ለምን እንዳልቀየርኩ ዛሬም በቅጡ አላውቅም።

ሦስት ዓመት ደብተሬ ላይ ሕፃን ስጽፍ ከረምኩ፤
በስድስት ዓመቱ እንዲህ ያስባል፣ በሰባት እንዲህ፣ እያልኩ።
አባት የለው፣ እናት የለው፣ በቀስት ተከፋፍሎ፣
ፈተና ላይ ይመጣል፣ አምስት ማርክ ጀርባው ላይ አዝሎ።

ማታ ማታ ዶርም ውስጥ፣ የሄደው መብራት እስኪመለስ፣
ቆርኪ እቆጥራለሁ፤ ዘጠኝ ለመደመር፣ ዘጠኝ ለመቀነስ፣
ከሄርማታ ግሮሰሪዎች በፌስታል ያጠራቀምኩትን።
“ቢራ ቤት ከፈትሽ ወይስ?”
ትላለች ፈዲላ ካልጋዋ፣ ሳቅ እስኪያፍናት ድረስ።
ከካርቶን ሰዓት ቆረጥኩ፤
ሚስማሩ ስለጠበቀ ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ነው።

ለልምምድ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ።
ጓደኞቼ የአንደኛ ክፍል ልጆች ሆነው ተደረደሩ፤
ጺማሙ አባዲጋ እጁን አወጣ፣ “ቲቸር፣ ሽንት!”
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
እኔ ጠመኔውን በቀኜ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።
ፈርታ ነው አሉ።

ቀኜ እኮ ቅጥረኛ ነው፤
የቤቱ ባለቤት ግራዬ ነበር።
አጋሮ፣ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጋሼ አባቡልጉ
ግራ እጄን በሻሽ ጠቅልለው ከዴስኩ እግር ጋር አሰሩት፤
“በግራው የሚጽፍ ሰው ዕድሜውን ግራ ይገባዋል” አሉ።
ክፉ ሰው አልነበሩም።
ለዒድ ከረሜላ የሚያድሉን እሳቸው፣
ስንታመም ቤታችን ድረስ የሚመጡ እሳቸው።
ሻሹ ሲፈታ ቀኙ ለምዶ ነበር፤
ግራው ግን አልረሳም፤
እስካሁን በር የሚከፍተው፣ ዝንብ የሚያባርረው እሱ ነው።

ከዚያ ኮቺ ወጣሁ፣ ለእውነተኛው ልምምድ።
ስልሳ ስምንት ልጅ፣ ሃያ ዴስክ፣
ከኋላ ተቆጣጣሪዬ፣ ጉልበታቸው ላይ ቅጽ፦
ዕቅድ። ድምፅ። ሰዓት አከባበር። የሰሌዳ አጠቃቀም።
በመስኮቱ በኩል፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ናስሩ የሚባል ልጅ
ደብተሩን ገልጦ፣ ንፁሕ ገጽ እያየ፣ ዝም።
“ማሊፍ?” አልኩት ጎንበስ ብዬ በቋንቋው።
መልስ የለም።
ጎረቤቱ አሳበቀች፤ “ቲቸር፣ እሱ ግራ ነው፤
ቤትም ይመቱታል።”
ያኔ ነው ያየሁት፤
ዶሮ እንቁላሏን እንደምትታቀፍ
እጁን ተቀምጦበታል።

በቀስት ከተከፋፈለው ሕፃን ውስጥ
ይሄ ልጅ አልነበረም።
ደብተሬን ብገልጥ፣ ሦስት ዓመት ብገልጥ፣ አልነበረም።

ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።
ጠመኔውን ከቀኜ ወደ ግራዬ አሻገርኩ፤
ማንንም አላስፈቀድኩ።
አራት ቁጥር ጻፍኩ፤
በክረምት የኮቺን ዳገት እንደሚወጣ ባጃጅ ተንሸራተተ፤
አምስት ስጨምርበት እጅጌዬ አራቱን ጠረገው።
ስልሳ ሰባት ልጅ ሳቀ።
እኔም ሳቅኩ፣ እውነቴን፣ ያምር ስላልነበረ።
ናስሩ አልሳቀም።
ጭኑን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ ከፍ አደረገ።
እጁ ደንዝዞ ኖሮ አራገፈው፣
ከዚያ እርሳሱን አነሳ።
የጻፈው አራት ፊቱን ወደ ኋላ አዙሯል፤
ይዙር።

ቅጹን ሰጡኝ።
የሰሌዳ አጠቃቀም፣ ሁለት ከአምስት። “ጽሑፏ ይወላገዳል።”
ፈረምኩ።
ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው
“ፊርማሽ ካለፈው ጋር አይገጥምም” አሉኝ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር
ያልሰማሁ መሰልኩ።